በደምሴ ካሴት ላይ የተጠራችው ትርንጎ

ታኬዬ፣ ሆዴ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ገዳሪፍ በሰው ተጨናንቃለች፤ ረሃቡ ያፈናቀለው ሁሉ ድንበር እየተሻገረ ይጎርፋል። እኔ ልብስ ስፌቱን አልተውኩም። ሰናይታችን የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ዐረብኛውንም ከኔ በላይ ታቀላጥፈዋለች።

የምጽፍልህ ግን ስለ ደምሴ ነው። አንተ ጊታር ስትመታለት በየሰርጉ ይዘፍን የነበረው ጓደኛህ ባንዱን ጥሎ ካርቱም ገባና ለብቻው የመጀመሪያ ካሴቱን አወጣ። ሮክ ነው አሉኝ። ሽፋኑ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ብቻውን ቆሟል፤ ከሥሩ «ግጥምና ዜማ ደምሴ» ይላል።

ካሴት ሻጩ በር ላይ ሰማሁት። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቢጮኽም ሦስተኛው ዘፈን ያንተ ነው፤ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ሳለን የውሃ ተራ ስትጠብቅ የምታንጎራጉረው። ከቀብርህ ማግስት ደምሴ «ለመታሰቢያ» ብሎ የዘፈን ደብተርህን ወስዶ ነበር። ሌባ፣ አልኩ በሆዴ።

ቀጥሎ ግን «ትርንጎ፣ ባሱንዳ ላይ የተውኩሽ» እያለ ተጣራ። ያኔ ጥርጣሬዬ ወዳንተ ዞረ። ለሰሊጥ አጨዳ ብለህ በየዓመቱ ድንበሩ አጠገብ ባሱንዳ ትወርድ አልነበር? ሌላው አንድ ወር ሲቆይ አንተ በሦስተኛው ቀን ትመለሳለህ፤ ስጠይቅህ ፊትህን ታዞራለህ። ለካ ሴት ነበረችህ! ፎቶህን ከግድግዳው አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ደምሴ ለፋሲካ ሲመጣ ያረፈበት ሄድኩ።

«ሦስተኛው ዘፈን የማን ነው?»

«የታከለ ነው» አለኝ፣ ሳያቅማማ።

«ታዲያ ስሙን ለምን ደበቅህ?»

«ስሙን ብጽፍ ትርንጎ ማን ናት ብለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።»

«ይኸው መጣሁ። ማን ናት?»

«ልጁ ነች» አለ። እኔን ከማወቅህ በፊት፣ ከጦርነቱ ስትሸሽ፣ እናቷ የሞተችባትን የአራት ዓመት ልጅህን በትከሻህ ተሸክመህ እንደ መጣህ፣ ባሱንዳ ስትደርስ ትንፋሿ እንደ ተቋረጠ ነገረኝ።

አላመንኩትም። በነጋታው ሎሪ ላይ ተሳፍሬ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስምህን እንኳ ሳይጠይቀኝ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ሐበሻ ልጁን የቀበረበት ብሎ ከግራሩ ሥር ወሰደኝ። መቃብሯ አጭር ናት፣ ታኬ። ክንዶቼን ብዘረጋ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳሉ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለእሷም፣ ብቻህን ለተሸከምከውም፣ በከንቱ ላማሁህም። ተቆጥቼህማለሁ። ሚስትህን ይህን ያህል አላመንካትም?

ደምሴ በሚቀጥለው ቅጂ ስምህን እጽፋለሁ ብሏል። ታትሞ እስካየው ድረስ ቃሉን አልቀበልም፤ የቀሩትንም ዘፈኖች ገና በጥርጣሬ ነው የምሰማቸው።

ለሰናይት እህት እንደ ነበራት ነገርኳት። በየዓመቱ በአጨዳ ሰሞን ይዣት እወርዳለሁ፤ የመቃብሩን ድንጋይ እናስተካክላለን። ስንት ልጆች አሉሽ ለሚለኝም ከእንግዲህ ሁለት ነው የምለው።

ሚስትህ አዛለች