ቤቱን ከጅዳ እንዳትመልሰው

ታደለ፣

ወግዲ ለስልጠና ተጠርቼ ሄጃለሁ። ቁልፉ አከራያችን እትዬ ኡምኩልሱም ዘንድ ነው።

ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ሌላው ሁሉ እየተከፈተ ፌስቡክ ብቻ እምቢ ሲል ቪፒኤኑን ሆላንድ ላይ እናደርገው ነበር። ከእንግዲህ እንዳትነካው።

አንተ ትናንት ለእትዬ "ኮምፒውተሩ ሆላንድ ያለ እንዲመስል እናደርጋለን" ብለህ አስረድተሃቸው እብስ አልክ። የቀረውን የሰማሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ "ያረቢ፣ ቤቴን ሳታስፈቅዱኝ ሆላንድ ወስዳችሁት ኖሯል?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"ታዲያ ጅዳ አይሆንም?" አሉኝ።

ልጃቸው አሚራ ያለችው ጅዳ ነው።

ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ፊታቸውን ሳየው ተውኩትና ጅዳ አደረግኩት።

አሁን የቀሩትም ገጾች እንደ ልብ አይከፈቱም። ይቅርታ። ላፕቶፕህንም እንዳትዘጋው። "ልጄ ላይ በር አትዝጉ" ብለዋል።

ጠረጴዛው ላይ፣ ላፕቶፑ አጠገብ፣ እትዬ በሰሃን ከድነው ያስቀመጡት ጭኮ አለ። የእኔን ሽሮ እንደበላኸው እሱንም እንዳትበላው።

የአሚራ ነው።

አስናቀው