ከድካም ማቃለያ ሥልጠና የቀረሁበት ምክንያት

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፣ ማለትም ስብሰባ ላይ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጥረው፣ ስብሰባዎም ያለ ሻይ ዕረፍት እንዳይውል ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ አስበው እንደሆነ፣ እርስዎ ከላኳቸው ቅጾች በስተቀር ደህና ነኝ። ቅጾቹም ቢሆኑ ከእኔ የተሻለ ጤና ላይ ናቸው፤ በየሳምንቱ ይወፍራሉ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ረቡዕ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም አርፎበት የደረሰኝ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቴም «የመምህራን ድካም፦ መንስኤውና መፍትሔው» በሚል ርእስ እሑድ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በተሰጠው ሥልጠና ላይ ያለ ፈቃድ አለመገኘቴ መሆኑ ተገልጾልኛል። ምክንያቴን በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳቀርብ ስለታዘዝኩ፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይኸው አቅርቤያለሁ። በአደባባይ ያቀረብኩትም ጽሕፈት ቤትዎ የገባ ወረቀት ተመልሶ ሲወጣ ያየ ሰው ጠይቄ ጠይቄ ስላጣሁ ነው።

ወደ ምክንያቴ ከመግባቴ በፊት ግን ምስጋና ይቅደም፤ ውለታ ቢስ መባል አልፈልግም።

አንደኛ፤ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ወር አሥራ ሰባት ዓይነት ቅጽ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ዓመታዊ ዕቅድ፣ ሳምንታዊ ዕቅድ፣ ዕለታዊ ዕቅድ በሦስት በሦስት ኮፒ እንዲሠሩ፣ ቀጥሎ ዕቅዶቹ ስለ መሠራታቸው ማረጋገጫ፣ ከዚያም ማረጋገጫው ስለ መድረሱ ሌላ ማረጋገጫ እንዲሞላ ማዘዝዎ ተራ ሰው የሚያስበው ነገር አይደለም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ ዘንድሮ ግን ጉዱ ከነኮፒው መጣ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በሳምንት ሃያ ስምንት ክፍለ ጊዜ፣ በአምስት ክፍል፣ ለሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች አስተምራለሁ። ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብቻ ብሰጥ አንዴ አርሞ ለመጨረስ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ልነግርዎ አሰብኩና፣ ቁጥር በሠንጠረዥ ውስጥ ካልገባ እንደማይወዱ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ሁለተኛ፤ ለመምህራን ክፍላችን ላደረጉት እንክብካቤ እጅ እነሣለሁ። እኛ አርባ ስድስት ነን፤ ወንበሮቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ከአሥራ አንዱ ሦስቱ አንካሳ ናቸው፤ እነሱም ላይ ቢሆን በተራ ነው የምንቀመጠው። አምና ወንበር እንዲጨመርልን ፈርመን ስንጠይቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውናል ብለን አምተንዎት ነበር። ይቅር ይበሉን፤ ዘንድሮ መልሱ መጣ። «ደስተኛ መምህር፣ ውጤታማ ተማሪ» የሚል ባለ ቀለም ፖስተር ላኩልን፤ ፖስተሩ ላይ የምትስቀዋ መምህርት የተቀመጠችበት ወንበር በእውነቱ በጣም ያምራል። ፖስተሩን ለመስቀል ሚስማር ስለጠፋ የግድግዳው ሰዓት ወርዶ እሱ ተሰቅሏል፤ ስለዚህ አሁን ዕረፍት መቼ እንደሚያልቅ የምናውቀው ከተማሪዎቹ ጩኸት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥልጠናው ራሱ። እኔ ባልታደልም፣ የታደለችው የባዮሎጂ መምህርት ባልደረባዬ ሁሉንም ተርካልኛለች። ሠልጣኞች ሲገቡ፣ ሻይ ሲወጡ፣ ከሻይ ሲመለሱና ወደ ቤት ሲሄዱ፣ አራት ጊዜ ፈርመዋል። አሠልጣኙ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በአፍንጫችሁ አስገቡ፣ በአፋችሁ አስወጡ ብለው ሲያዙ የአዳራሹ እኩሌታ እንደጨፈነ ቀርቷል፤ ተቆጣጣሪዎም ማስታወሻቸውን ይዘው በየረድፉ እየዞሩ ያንኮራፉትን «በንቃት ያልተሳተፉ» ብለው መዝግበዋል። ባልደረባዬ ከነዚያ አንዷ በመሆኗ የእርስዎ ደብዳቤ ለእሷም ደርሷታል፤ እኔ በመቅረቴ፣ እሷ በመገኘቷ ማለት ነው። ማብቂያው ላይ ደግሞ «ሳምንታዊ የድካም መጠን መከታተያ» የሚል ባለ አራት ገጽ ቅጽ ታድሏል፤ አሥራ ስምንተኛው መሆኑ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኼ ነው።

አራተኛ ልል ነበር። የሚቀጥለው ግን ምስጋና ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም።

እኔ በኃላፊነት የምይዘው ክፍል ሰባ አንድ ተማሪዎች አሉት። የዕለት መቆጣጠሪያ ቅጽዎ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተሞልቶ ካልቀረበ ስለማይቀበሉት፣ ስም መጥራቱ ጊዜ ፈጀብኝና ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ልጆቹን በተራ ቁጥር መጥራት ጀመርኩ። አንድ ስል አቤት፣ ሁለት ስል አቤት፣ እንዲህ እያልኩ በአራት ደቂቃ ሰባ አንድ ላይ እደርሳለሁ። በብልሃቴ ኮርቼ ለባልደረቦቼም አስተምሬያለሁ። ከመጨረሻው ረድፍ ግድግዳ ተደግፋ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷ ስልሳ ሦስት ናት።

በሁለተኛው ሳምንት ይህች ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥታ ቆመች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቅጽ ቁጥር ዘጠኝን እሞላ ነበር። ትንሽ ጠበቀችና በቀስታ፣ «ቲቸር፣ ሥራ ላይ ከሆኑ ነገ እመጣለሁ» አለችኝ። ቀና ሳልል ነገ ነይ አልኳት። በማግሥቱ መጣች፤ ያንኑ አለች፤ ያንኑ አልኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን አልመጣችም፤ ትምህርት ቤትም ከዚያ ወዲያ አልታየችም።

ክቡር ኃላፊ፣ ልጅቷ የእርስዎን ቅጽ ሥራ መስሏት ነው። እሷስ ልጅ ናት፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬም ሥራ መስሎኝ ነበር። ድካም እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አሠልጣኝዎ በስምንት ክፍል በስላይድ አሳይተዋል አሉ። እኔ የማውቀው ድካም ያበጠ እግር ወይም የዘጋ ጉሮሮ አይደለም፤ እነሱን ለምጄያቸዋለሁ። አንድ ልጅ ፊቴ ቆማ ቀና ብሎ ማየት ሲያቅተኝ፣ ያኔ ደክሜያለሁ።

ሰባት ቀን ስትቀር ቅጽ ቁጥር አሥራ አራት ተጠየቅኩ፤ «ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች» የሚለው ነው። ይህ ቅጽ የስም ዓምድ የለውም፤ ተራ ቁጥርና የምክንያት ኮድ ብቻ ይበቃዋል። ኮድ አንድ ሕመም ነው፤ ኮድ ሁለት ከአካባቢ መልቀቅ፤ ኮድ ሦስት የወላጅ ግንዛቤ ማነስ፤ ኮድ አራት «ሌላ» ነው፤ ከሥሩም «ሌላ የሚለውን መጠቀም አይበረታታም» የሚል ማሳሰቢያ አለ። እኔም እጄ ለምዶ ስልሳ ሦስት ብዬ፣ ጎኑ ሦስት ብዬ አለፍኩ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። በዚያ ሦስት ሰከንድ አንዲት ልጅ ከትምህርት አስወጥቼ፣ አይቻት የማላውቃትን እናቷን ሰድቤያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የተከመረ ደብተር ሳርም የስልሳ ሦስት ደብተር እጄ ገባ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሥራዎች በቀይ ኤክስ ሞልቻቸው ነበር። ምን እንደታየኝ አላውቅም፣ አንዱን ጥያቄ ቁጭ ብዬ ተከተልኩት። ስሌቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን የእኔ ጥያቄ መልስ አይደለም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ስምንት ሦስት ብላ ገልብጣለች፤ ስድስቱን ዜሮ ብላለች። የገለበጠችውን የተሳሳተ ጥያቄ አንድም ሳትስት ሠርታዋለች። ከመጽሐፉ የወሰደቻቸው ደግሞ ሁሉም ትክክል ናቸው። ልጅቷ ሰሌዳው አይታያትም፤ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ የቆመችው ይህንኑ ልትነግረኝ ነው።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት ባልደረቦቼ በአፍንጫቸው አስገብተው በአፋቸው ሲያስወጡ፣ እኔ እየጠየቅሁ ቤቷን ፍለጋ ሄድኩ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል፣ አንድ ማሽን፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ክምር። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ለእናቷ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ በአንድ ሙከራ ይገባላታል። እናትየው በኩራት የዚህ ቤት ዓይን እሷ ናት አሉኝ። ትምህርቱን ለምን እንደተወች ስጠይቅ አንገቷን ሰበረችና ሰነፍ ስለሆንኩ ነው አለች፤ ኤክስ ከመቁጠር ስፌት መልመድ ይሻለኛል ብላ ነበር። እኔም ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር እንድታነብልኝ ለመንኳት። «የቱን ካላንደር?» ብላ ጠየቀችኝ። እናትየው መርፌውን እንደያዙ ቀሩ፤ እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

ኮድ ሦስት የሆኑት እናት፣ ግንዛቤ ያነሳቸው እኒያ ሴት፣ ሰኞ ሥራቸውን ዘግተው ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ፤ ሐኪም ዘንድ ለመነጽር ቀጠሮ አስይዘው ነበር። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ልጅቷን ከመጨረሻው ወንበር አንሥቼ መጀመሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው። አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ቅጽም አላስፈለገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንቱ ስምንት ነው።

ሐሙስ ታዲያ የመረጃ ባለሙያዎ ስልክ ደወሉ። ስልሳ ሦስት ያቋረጠች ተብላ ሪፖርቱ ወደ ላይ ስለሄደ እስከሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንደማትችል፣ ከተቀመጠች አኃዙ እንደሚፋለስ በትሕትና አስረዱኝ። ልጅቷ እኮ ተመልሳለች ብላቸው፣ የሄደ ሪፖርት አይመለስም አሉኝ። እስከ ሰኞ ካልወጣች ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ እንደሚከተልም ነገሩኝ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ መስመር ይሰርዙ። እስክሪብቶ ከሌለዎት እኔ እልካለሁ። ስለ ራሴ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ማስጠንቀቂያው ይነሣልኝ አልልዎትም። ከሥልጠናው ቀርቻለሁ፤ ነገም እሑድ ቢደግሙት እቀራለሁ። ጥፋቴ ሌላ ነው፤ ጥፋቴ ሦስት ጊዜ ነገ ነይ ማለቴና በራሴ እጅ ኮድ ሦስት መጻፌ ነው። ለዚህኛው ማስጠንቀቂያ ቢጽፉልኝ በፍሬም አስገብቼ በፖስተርዎ ቦታ እሰቅለዋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ይህን እንደ ጥፋት የሚይዝበት ኮድ የለውም፤ እንዲያውም በወቅቱ ሞልቶ ያስረከበ በሚል ቅጽ አሥራ አራት ላይ አመስግኖኛል።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ባለበት እንዳለ ሆኖ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ድካሜን ያለ በቂ ሥልጠና ተሸክሜ የምኖር፣ በንቃት ለመሳተፍ እንኳ ያልታደልኩ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

የሒሳብ መምህሩ

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት ክፍል
ለመዝገብ ቤት፣ እንዲጠፋ
ለአንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከይቅርታ ጋር

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዎ ልጅቷ መውጣቷን ለማየት ክፍሌ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ፍለጋ እንዳያደክማቸው፣ በበሩ ሲገቡ በስተግራ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ናት። ስልሳ ሦስት ብለው ቢጣሩ ግን አቤት የሚላቸው የለም፤ አሁን በስም ነው የምጠራው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ የዕለት ቅጽዎም በዚያው መጠን ይዘገያል። በስሟ ይጥሯት። ስሟን እርስዎ ከላኳቸው አሥራ ስምንት ቅጾች በአንዱ ላይ ካገኙት፣ እኔ ራሴ እጇን ይዤ አስወጣታለሁ።