ስድስተኛው በር

ይድረስ ለአባባ፤

እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብዎ ጉልበትስ ተሻለው? የእጅዎን መንቀጥቀጥ እህቴ ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፌ ቀንሷል። የሚብስብዎ ማንኪያ ሲይዙ ነው ወይስ ስኒ ሲይዙ? እማዬስ እንዴት ናት? አሁንም ሰዓት ጠብቃ እየተቆጣች መድኃኒትዎን ታስውጥዎታለች? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እመለሳለሁ። የምኖረው አሁንም ከአለቃዬ ጋር በአንድ ክፍል ነው። የክፍላችን በር ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል፤ ሁለት አናጢ እየተኛንበት እስከ ዛሬ አላስተካከልነውም። የቀረው ወሬዬ ደስ የሚል ስላልሆነ ይህችን ደህንነቴን መጀመሪያ ይያዙልኝ።

አባባ፣ ነገሩን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ፤ ወረቀት ቢያንስ መሐል ላይ አይቋረጥም።

እህቴ እንደምትለው ያ የሠራሁበት ፊልም እናንተ ጋ ሊታይ ነው። እርስዎም ካሁኑ ኮትዎን አስተኩሰው፣ ጎረቤታችንን ጡረተኛውን ሾፌር አብረው ሊያዩ ቀጥረው፣ ለመንደሩ ሁሉ መጀመሪያ ላይ የሚታየው በር የልጄ እጅ ነው እያሉ ነው አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ስሰማ ደስታዬን አልችለውም ነበር። አሁን ግን ይህን ወረቀት አወጣሁ። እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ነገሩን ከኔ መስማት አለብዎት።

በር እሠራለሁ ስልዎ አልዋሸሁም፤ ግማሹን ግን ዋጥ አድርጌዋለሁ። እኔ እዚህ የምሠራው የሚሰበር በር ነው። እርስዎ አርባ ዓመት ሙሉ በር እንዳይሰበር ሲለፉ ኖረው፣ ልጅዎ አገር አቋርጦ እንዲሰበር ይለፋል። ይሳቁ ግድ የለም፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ያስተማረኝ አለቃዬ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር የምንለው ሽማግሌ አናጢ። ቺፑድ ትወስዳለህ፣ ከጀርባው በኩል በመጋዝ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ትተለትለዋለህ፣ ስንጥቁን በሰምና በሰጋቱራ ትደፍነዋለህ፣ ማጠፊያውን በአጭር ብሎን ታንጠለጥለዋለህ፣ የቁልፉን ምላስ ከቡሽ ትሠራለህ አለኝ። ፊቱን ቀለም ቀብተው ሲያቆሙት የሹም ቤት በር ይመስላል። ፍየል ብትታከክበት ግን ይወድቃል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ኋላ እንጀራ ነው ብሎ ለመደ።

ፊልሙ የድብድብ ፊልም ነው። ልጆች ሆነን «አክተር አይሞትም» እንል የለ፣ ያ አክተሩ መጀመሪያ ላይ አይታይም። የሚታየው የተዘጋ በር ብቻ ነው። ክፉዎቹ ጠረጴዛ ከበው ካርታ ይጫወታሉ። ከውጭ ኮቴ ይሰማል። አንደኛው ካርታውን ያስቀምጣል። ከዚያ በሩ ይገነጠላል፣ አቧራው ይነሳል፣ በአቧራው ውስጥ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ እጅ፣ መጨረሻ ላይ ፊት ብቅ ይላል። የፊልሙ አዘጋጅ እንዳስረዳን ሰውየው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ የሚያስተዋውቀውም በሩ ነው። እርስዎ በገዛ እጅዎ በሠሩት በር እንኳ ውጭ ቆመው «ቤቶች!» ሳይሉ የማይገቡ ሰው ስለሆኑ ይህ ዓይነቱ ትውውቅ ይገርምዎ ይሆናል። ሰው በአገባቡ ይታወቃል ይሉኝ ነበር። እነሱም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ አገባቡ ነው የተለየው።

በሩን የሚረግጠው ደግሞ ያ ፊቱ የሚታየው ተዋናይ እንዳይመስልዎ። የሱ እግር እንደ ዕንቁላል ነው የሚጠበቀው። የሚረግጠው በቁመትም በትከሻም እሱን የሚመስል ሌላ ሰው ነው፤ ከየትም ቢወድቅ በእግሩ ስለሚቆም ድመት ይሉታል። ድመት የሁለት ሴት ልጆች አባት ነው። የሚወድቅበትን ፍራሽ አንጥፎ ያንኮራፋል፤ ተራው ሲደርስ ይነሳል፣ ይሰብራል ወይም ይወድቃል፣ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ልማድ ነበረን። ከመርገጡ በፊት ዞሮ በዓይኑ ይፈልገኛል፤ እኔ በሩ ዝግጁ ነው ለማለት አንገቴን ዝቅ አደርግለታለሁ፤ ያኔ ይረግጣል። አምስት በር እንዲህ ሰብረናል።

አዘጋጁ ግን አምስቱንም አልወደደም። ድምፁ የካርቶን ነው አለ። ስድስተኛ በር ለነገ ጠዋት ይድረስ ተባለ። ቺፑዱ አልቆ ስለነበር ሚስማር ከመጋዘኑ ጥግ እውነተኛ ጣውላ አወጣልኝ፤ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ መላጊያ ሲነካው ልክ እንደ እርስዎ ሥራ ቤት የሚሸት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ እንጨት አልያዝኩም ነበር። እጅዎ መሮ አልይዝ ብሎ ሥራ ቤቱን እንደዘጉት እህቴ የነገረችኝም በዚያው ቀን ነው። ሰበብ እየፈለግኩ አይደለም አባባ። እጄ ግን የራሱን መንገድ ሄደ። ወንዴውን እንጨት በሴቴው አስገባሁ፣ በሽብልቅ አጠበቅኩ፣ እንዳስተማሩኝ መጋጠሚያው ላይ አንድ ሚስማር ሳልመታ ጨረስኩት። ማጠፊያውን በረጅም ብሎን አሰርኩ፣ ቁልፉንም የብረት አደረግኩለት። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ በጣቴ አንኳኳሁት፤ ሙሉ ድምፅ ሰጠኝ። መጋዙን ወደ ጀርባው አስጠጋሁና እጄ አልሄድ አለ። አንድ ሌሊት እንኳ በር ሆኖ ይደር፣ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ እተለትለዋለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

ጠዋት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመ። በሩጫ ብደርስ ዕቃ አመላላሾቹ ማልደው ገብተው በሩን ሰቅለውታል፣ ቀለም ቀቢዎቹ ሌሊት የቀቡትም ደርቋል። እግሬ ከመግባቱ «ጸጥታ!» ተባለ። እዚህ ጸጥታ ከተባለ ሳል ይዋጣል። ባለፈው ወር አስነጥሼ ቀረጻ በማበላሸቴ በሰው ፊት ተሰድቤያለሁ፤ ብትደግመው ትባረራለህ ተብያለሁ። ድመት ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ዞሮ ፈለገኝ፣ አገኘኝም። አንገቴን ዝቅ አላደረግኩም አባባ፣ ይህን ይመኑኝ። እሱ ግን መኖሬ በቃው መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። አፌን ከፈትኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ከፍቼዋለሁ። «ቆይ» የምትል አንዲት ቃል ናት የጠፋችው። ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ጊዜ ነበረኝ፤ ሰዉ ሁሉ ዝም ብሏል፣ እኔም አብሬ ዝም አልኩ። ሮጦ ረገጠው። የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማ፣ በሩ ግን እንዳለ ቆሟል። የኔ ጩኸት የወጣው ያን ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ከእንግዲህ ግን አይሮጥም፣ አይዘልም አለ። ድመት ደግሞ ከመሮጥና ከመዝለል ሌላ ሥራ አያውቅም።

ቢሮ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሰጥቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንድ ወረቀት አሳየኝ። ድመት ሲቀጠር በሥራ ላይ ለሚደርስብኝ ጉዳት ሁሉ ኃላፊው ራሴ ነኝ ብሎ ፈርሟል። ስለዚህ ያንተ ጥፋት ለማንም አይጠቅምም አለኝ፤ ብታነሳውም አንተ ትታሰራለህ፣ እሱም ያቺ የተፈቀደችለት ሕክምና ትቀርበታለች፣ ሂድና ሥራህን ሥራ አለኝ። ጥፋቴን ይዤ ሄጄ የሚቀበለኝ አጥቼ ይዤው ተመለስኩ። ሚስማር ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በሩን ማየት ነበረብኝ፣ አምኜህ ነው ያላየሁት አለ፤ ከዚያ ወዲህ አላነሳብኝም።

ለራሱ ለድመትም ነገርኩት። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በሩን መጋዝ አልነካውም ነበር አልኩት። እሱም ገና እግሬ ሲያርፍበት አውቄዋለሁ፣ እንዲህ ያለ በር በዕድሜዬ ረግጬ አላውቅም ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ግን እንዳትሰማ ለመነኝ። ከአንተ ሌላ የሚጠይቀን ሰው የለም፣ አንተንም ካባረረችህ ማን ይመጣልናል አለኝ። ምነው በሰደበኝ። በየእረፍት ቀኔ እሄዳለሁ። ያንን በር ፈትቼ ከጣውላው ምርኩዝ ሠራሁለት፤ ባለፈው ታናሺቱ ልጁ ፈረስ አድርጋው ቤቱን ስትዞርበት ደረስኩ። ሚስቱ በሄድኩ ቁጥር ላሳደጉህ ወላጆችህ ዕድሜ ይስጥልን ትለኛለች። ምርቃቷን አሜን እላለሁ፤ ምርቃቱ የእርስዎና የእማዬ ስለሆነ እምቢ ማለትም አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ፊልሙ ተጠናቆ ለሠራተኞች ታየ። ሰባተኛውን በር ሚስማር ራሱ በቺፑድ ሠርቶት፣ ሌላ ሰው ረግጦት በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ነበር። እኔም እሱን የማይ መስሎኝ ነበር የተቀመጥኩት። መብራቱ ጠፋ። ካርታው፣ ኮቴው፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ያው ራሱ ነው አባባ። የሚወድቀው በር ሰባተኛው ነው፣ የሚሰማው ድምፅ ግን የስድስተኛው በር ዕለት ነው። ያን ዕለት የተቀዳውን አምጥተው ገጥመውታል። አዘጋጁ ከኋላዬ ሆኖ እንዲህ ያለ ድምፅ ተፈልጎ አይገኝም ሲል ሰማሁት። ከዚያ የተዋናዩ ፊት ከአቧራው ወጣ፣ አዳራሹም አጨበጨበ።

የድመት ልጆች አባታችን ያለበትን ፊልም መቼ ታሳየናለህ እያሉ እጄን ይጎትቱኛል። ትልቋ አባቴ የቱ ጋ ነው ያለው ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ፊቱ የለም፣ ስሙም አልተጻፈም። ያለው እዚያች ድምፅ ላይ ነው።

እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው እንጨት አንኳኩተው፣ ይኼ እርጥብ ነው፣ ይኼን ምስጥ በልቶታል፣ ይኼ ለበር ይሆናል የሚሉ ሰው ነዎት። ስለዚህ ያ ድምፅ ሲመጣ እንደማይታለሉ አውቃለሁ። ይኼማ እንጨት አይደለም ብለው ወደ ሾፌሩ ዞር ይላሉ። አዎ፣ እንጨት አይደለም አባባ። ምን እንደሆነ ከኔ ይስሙት ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቢመክሩኝ እሰማለሁ፣ ቢቆጡኝም እሰማለሁ። ፊልሙን ከየአዳራሹ ልሰበስበው አልችልም፣ እግሩንም እንደ ወንበር እግር ልገጥመው አልችልም።

እማዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። ጡረተኛውን ሾፌር እንደምን ሰነበቱ ይበሉልኝ። የእህቴን ልጅ ማሙሽን፣ አጎትህ የላከልህን እርሳስ በጥርስህ አትቀርጥፍ ብሏል ይበሉት። እህቴን ስለ ሁሉ ነገር አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የአባባ እጅ ወረቀት አልይዝ ስላለ ይህን ጮክ ብለሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ እማዬ ደጅ እስክትወጣ ጠብቀሽ አንብቢው። ይህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ አሁንም ዘገየሁ።

አባባ፣ ፊልሙን ይዩት፣ አይቅሩ። ኮትዎንም ይልበሱ። ያ ድምፅ መጥቶ ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ ግን ያንን የሚንቀጠቀጥ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉልኝ።

አናጢው ልጅዎ

ከሚስማርና ከኔ ክፍል
እሑድ፣ ግንቦት ፲፯ ቀን