የማይቆጠረው ሚስኮል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ነው፣ ደህና አይደለሁም። ባለፈው በስልክ "እማዬን ለዚህ ያበቃትን ሰው የሥራውን ይስጠው" ስትይ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቆራርጦ አይደለም። ሰውየው እኔ ነኝ። በአፌ መናገር ቢያቅተኝ ነው የምጽፍልሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አንድ የኔትወርክ ማማ ባንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ ልክ አለው፤ ሥራ ከፈታው ቀንሼ ለተጨናነቀው የማከፋፍለው እኔ ነኝ። የእማዬ ሰፈር ማማ በሪፖርቱ ሲታይ ሥራ ፈት ነበር። ከአቅሙ ሰባት እጅ አምስቱን አንስቼ ለገበያው ማማ ሰጠሁ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

እዚያ ሰፈር ግን በስልክ የሚያወራ የለም፣ ሁሉም ሚስኮል ነው የሚያደርገው። አንዴ ከጠራ "ደህና ነኝ"፣ ሁለቴ ከጠራ "ደውል" ማለት ነው። የእኛ ቆጠራ ደግሞ የተነሳ ስልክ እንጂ ሚስኮል አያውቅም። ይህ እኔን ይጠፋኛል? ከእማዬ ጋር ዘጠኝ ዓመት በሚስኮል የተግባባሁትን! ጉድ እኮ ነው፣ እታለም።

እማዬ ከደረጃ የወደቀችው የተማሪዎች ውጤት በወጣበት ጠዋት ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይደውላል፤ ለማማው የተረፈው ሁለት እጅ አልበቃም። እማዬ ደረጃው ሥር ወድቃ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራልኛለች፤ ስልኳ ላይ አየሁት። እኔ ጋ አንዱም አልገባም። የጎረቤቷ ሴትዮ ያገኘቻት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ "እግሯ ደም ሳይደርሰው ቆይቷል፤ ቀደም ብላ ብትመጣ ሳይቆረጥ ይተርፍ ነበር" አለኝ።

ሐሙስ ስብሰባ አለን። በእኔው ሪፖርት ከሌሎች አርባ ማማዎች ላይ ሊቀንሱ ነው። ተነስቼ ጥፋቴን እናገራለሁ፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። እሱ አያስፈራኝም።

የሚያስፈራኝ እማዬ ናት። ትናንት ነቃ ስትል ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ይሄ ስልኬ ተበላሽቶ አጉል ቀን ከዳኝ፤ እስቲ እየው ልጄ።" እሺ ብዬ ወሰድኩት። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩና "ሠራሁልሽ" አልኳት። ጉንጬን ስማ "አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ።

ክፉ አይንካችሁ፣ ከነልጆችሽ ሰላም ዋሉልኝ። ብትሰድቢኝም ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ