ያለ ታኮ የቆመችው ኤንትሬ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስካለ፤

አስካልዬ፣ እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጠየቅ አልወድም። ከተለያየን ዓመት ሞላ። ትናንት የሙት ዓመት ተዝካርሽን አወጣን፤ ድግሱ አላሳፈረሽም። ከዚያ በፊት ግን እኔና ልጅሽ ገነት ልንቆራረጥ ምንም አልቀረን ነበር። ሌላ ሰው አዛብቶ ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣራው አያፈስም። ገነት ሞባይል ገዝታልኛለች፤ ሲጮህ አየዋለሁ፣ አላነሳውም። መንገዱ ላይ ኤንትሬ የሚባል፣ ያ ትልቁ የፊያት ጭነት መኪና፣ ጠፍቷል። ቡናውን አሁን የሚያመላልሱት ወጣቶቹ «አልቃይዳ» የሚሏቸው ትንንሽ ችኩል መኪናዎች ናቸው። እነሱን በቆርቆሮ አሳንሼ አልሠራቸውም።

ጠቡ የተነሳው ከቡፌው ነው። በሕይወቴ የነዳኋቸውን የጭነት መኪናዎች ሁሉ ከዘይት ቆርቆሮ አሳንሼ ሠርቼ የደረደርኩበት ቡፌ። ያረፍሽ ዕለት እንደ ደንቡ ሳሎኑ ተራቆተ። ሶፋው ወጣ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ ያንቺ አልጋ እንኳን ተነቅሎ ጓሮ ተደገፈ፣ ፍራሽ ተነጠፈ። የእድሩ ልጆች ቡፌውን ሊያነሱ ሲመጡ ፊቱ ቆምኩና «ይሄ አይነካም» አልኩ። ለቀስተኛው ቡፌውን በትከሻው እየታከከ ገባ፣ ወጣ።

ገነት ያን ቀን ለቀስተኛ ስታስተናግድ ዋለች። አርባሽ ካለፈ በኋላ ግን ተናገረች። «የእማዬ አልጋ ተነስቶ የእርስዎ ቆርቆሮ አልነሳም አለ! ሰው ምን እንዳለን ያውቃሉ አባባ?» ሰው የሚለውን አውቃለሁ። ሰው ስለ እኔ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጥታ ቁርጡን ነገረችኝ። ቡፌው እስከ ቅዳሜ ካልወጣ ተዝካሩን በቾ ቦሬ እሷ ቤት ታወጣዋለች፤ ከዚያ ወዲያም የዚህን ቤት ደጃፍ አትረግጥም። የምትቀልድ እንዳይመስልሽ። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ አንቺ ነበርሽ የምትነግሪኝ።

ምክንያቴን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ተጽፎ ይቀመጥ። ሐኪም ቤት ልትገቢ ያልሽበት ጠዋት መኪናዎቹን እያነሳሽ ቡፌውን ወለወልሽ። እኔ ሁሉንም አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነው የማቆማቸው፤ ጋራዥ የሚያድር መኪና እንደዚያ ነው የሚቆመው። አንቺ ኤንትሬዋን፣ ያቺን የቡና ጆንያ የጫነችውን፣ ወደ በሩ አዞርሻት። ልቆጣሽ ነበር። ደክሞሽ ስላየሁ ስትመለስ እናገራታለሁ ብዬ ተውኩት። አልተመለስሽም። ከዚያ ወዲህ እስካለፈው ሐሙስ ድረስ እጄን ከዚያ መስታወት ውስጥ አላስገባሁም።

ጎማዎቹ ደግሞ ይዞራሉ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጬ፣ እውነተኛውን ጎማ በሜትር ለክቼ፣ አንድ ለሃያ አሳንሼ የሠራኋቸው ናቸው። ማንም ያላስተማረኝ፣ እንዲዞሩ ዓመት የለፋሁበት ነገር ዞሮ ጠላቴ ሆነ። ቡፌው ዘመም ካለ ሁሉም ተንሸራትቶ ይከመራል፤ አንቺ ያቆምሽውም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለገነት ልነግራት ስነሳ ድምፄ እንደማይታዘዘኝ አውቄ ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን ንቀት አደረገችው።

ሐሙስ ዕለት መላው መጣልኝ፤ የመጣልኝም ካንቺ ነው። ከአሰንዳቦ ቡና ጭነን ስንመጣ ዳገቱ ላይ ፍሬን የከዳን ቀን ትዝ ይልሻል? ረዳቴ ታሞ ቀርቶ ጋቢና ውስጥ ያለነው እኔ፣ አንቺና ሕፃኗ ገነት ብቻ ነበርን። መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ ስትጀምር «ታኮ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷን ወንበሩ ላይ ትተሽ ዘለልሽ፣ ያን ሽብልቅ እንጨት አንስተሽ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቅሽው፤ ገደሉ አፍ ላይ ቆምን። እኔም ወርጄ አየሁና «ገልብጠሽ ነው ያስገባሽው» አልኩሽ።

በኋላ ኤንትሬዋን አሳንሼ ሠርቼ ሳሳይሽ «ታኮዋስ?» አልሽኝ። «ቡፌ ላይ ዳገት የለም» አልኩሽ። ስቀሽ «ይሁንልህ» አልሽ።

ሐሙስ ከክብሪት እንጨት ታኮ እየቀረጽኩ ዋልኩ። መኪናዎቹን ሳልነካ፣ በወረንጦ እየያዝኩ፣ ከየጎማቸው ፊትና ኋላ ወሽቄ በሙጫ አጣበቅኩ። ኤንትሬዋ ጋ ስደርስ ወረንጦውን መለስኩት። ገፍቼ ከቦታዋ ባነቃንቃትስ? እሷን ተውኳት።

ቅዳሜ ገነት የእድሩን ጎረምሶች ይዛ መጣች። ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነበር። ጎረቤታችን አባ ፊጣም ከዘራውን ይዞ ደረሰ። «ሱብሓነላህ! ይህ ሰውዬ ፈቀደ?» አለ። ቡፌውን አነሱት። አባ ፊጣ ከፊታቸው የኋሊት እየሄደ «ሱታ! ሱታ! ቀስ በሉ! እንቁላል የያዛችሁ አስመስሉት!» ይላል። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ለዚህ እኮ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገን ነበር» ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም።

የበሩ ደረጃ ላይ ሲደርሱ የፊቱ ወገን ዝቅ አለ። ሌሎቹ ታኮአቸው ላይ ቀጥ አሉ። ኤንትሬዋ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰች።

«ቁሙ!» አልኩ። ያን ቀን ዳገቱ ላይ በጮህኩበት ድምፅ ነው የጮህኩት። ጎረምሶቹ ባሉበት ደረቁ፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል።

ገነት ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየች። «አባባ፣ ይህቺ ብቻ ለምን ታኮ የላትም?»

«እናትሽ ናት ያዞረቻት» አልኩ። «በእጇ። የሄደች ዕለት። ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም።»

አባ ፊጣ ሱታውን ተወው። ገነት መስታወቱን ገፋች፣ እጇን አስገባችና መዳፏን ከኤንትሬዋ ፊት እንደ ግድግዳ አቆመች። «በሉ ሂዱ» አለቻቸው። በጎን በጎን እየተራመደች፣ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ወረደች። መኪናዋ መዳፏ ላይ ተደግፋ ሄደች። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

ቡፌው ጓሮ ካረፈ በኋላም እጇን ቶሎ አላወጣችም። «ዓመቱን ሙሉ ይህን ያልነገሩኝ ለምንድን ነው?» አለች። መቼ ጠየቅሽኝ ልላት ነበር። ዋጥኩት። አንቺ ብትኖሪ ለመዋጤ ትደነቂ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቡፌው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ገነትም መዳፏን ዘርግታ አብራ ገባች። ኤንትሬዋ አንቺ ካቆምሽበት የጣት ስፋት ያህል ወደ በሩ ቀርባለች፤ አቧራው ላይ የቀረው ምልክት ያሳያል። ልመልሳት እችል ነበር፤ በልኬት የሚበልጠኝ የለም። አልመለስኳትም። አንቺ አዞርሻት፣ ልጅሽ ይዛ አቆመቻት፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም።

ዓይኔ እስካየ ድረስ ያንን መስታወት ከውጭ የምወለውለው እኔ ነኝ። ይህቺን ማን አዞራት ብሎ የጠየቀ እንግዳ ሁሉ ቁጭ ብሎ ስምሽን ይሰማል፤ ዳገቱንም፣ ታኮውንም፣ ገልብጠሽ ማስገባትሽንም ይሰማል። ተገልብጦም ይዟል።

አንድ ነገር ደግሞ ልመንልሽ፤ ሁለተኛ አልደግመውም። ቡፌ ላይም ዳገት አለ።