ሥራ ፈት ነው ስላልኩት ውሻ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ኡስትሃይዘን፣
የጥላ ከለላ የቤት እንስሳት ኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል ዋና ኃላፊ፣
ብሉምፎንቴይን።

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በቤትዎ ውሻ ካለም እሱ ጭምር፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እህቴም ደህና ናት። ውሻችንም አንድ እግር ቢጎድለው የምግብ ፍላጎቱ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በመላክ ፋንታ በጋዜጣ እንዲወጣ ማድረጌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። የዋሸሁት ሰው በተሰበሰበበት ስለሆነ፣ እውነቱንም ሰው በተሰበሰበበት ልናገር ብዬ ነው።

ስሜ ፑሰሌትሶ ራሞኬሌ ይባላል። በእኛ በሶቶዎች ቋንቋ «ለጠፋው የተመለሰ ምትክ» ማለት ነው። አባቴ ይህን ስም ያወጣልኝ ከእኔ በፊት የሞተችበትን ሕፃን አስቦ እንጂ የእርስዎን ድርጅት አስቦ አልነበረም። በቦትሻቤሎ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከዲሴቦ ጋር ነው። የዲሴቦን የዓይን ብርሃን የስኳር በሽታ ወስዶታል። ሦስተኛው የቤታችን ነዋሪ ዘሩ የማይታወቅ ኮትሶ የሚባል ቡናማ ውሻ ነው። ኮትሶ ማለት «ሰላም» ስለሆነ፣ እህቴ በመንገድ ላይ በጠራችው ቁጥር ሰላምታ የቀረበላቸው የመሰላቸው ሰዎች ከውሻው ቀድመው መልስ ይሰጣሉ።

ኮትሶን ማንም አላሠለጠነውም። ዲሴቦ ማየት ስታቆም በራሱ ፈቃድ ከቀኝ ጎኗ ተለጠፈ። ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፣ መኪና ሲመጣ በጎኑ ይገፋታል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከዚህ በታች ለማቀርባቸው ቅሬታዎች መግቢያ እንዲሆንልኝ ነው። ቅሬታ ማለቱ ከከበደብዎ ምስጋና ብለው ቢያነቧቸውም አልቀየምም።

አንደኛ፦

በመጀመሪያ ሽፋኑን የሸጠልኝን ወጣት አመሰግናለሁ። በስልክ ሲያናግረኝ ድምፁ ማር ነበር፤ የገዛ የወንድሜ ልጆች እንኳን እንዲያ ባለ ፍቅር «እማማ» ብለውኝ አያውቁም። ሦስት ዓይነት ሽፋን እንዳለ አስረዳኝ። የመጀመሪያው ለድንገተኛ አደጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው አደጋንም በሽታንም ይሸፍናል። ሦስተኛው ደግሞ ክትባቱን፣ የጥርስ እጥበቱን፣ ይባስ ብሎም ውሻው ሆድ ሲብሰው የሚታከምበትን ሁሉ ይጨምራል። አጠገቤ ተቀምጣ ታዳምጥ የነበረችው ዲሴቦ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ለውሻ ኢንሹራንስ! በሩን ዝጊው፣ ጎረቤት ሰምቶ እንዳይስቅብሽ» አለችኝ። «ደግሞ ጥርሱን ሊያጥቡት ነው? የእኔን ጥርስ ማን አጥቦልኝ ያውቃል?»

እኔም የመጀመሪያው ለመዥገር በሽታ እንኳን ስለማይሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእኛ ከሁለታችን ሕክምና ስለሚበልጥ፣ መካከለኛውን መረጥኩ። ወጣቱ በመጨረሻ «ውሻው ለምንድን ነው የሚኖረው? ለማራቢያ ነው? ለጥበቃ? ለሥራ? ወይስ ለፍቅር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ ለፍቅር ነው» አልኩት። በቤቱ ስላለ ፍጡር እንዲህ ሲጠየቅ ማን ነው «ለሥራ ነው» የሚለው? ወጣቱም ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ያቺ አንዲት ቃል ምን እንደምታስከትል ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ ከእኔ ተማሩ። ሽፋን ስትመርጡ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ውሻችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን እንደሚያደርግ ለሻጩ አንድ በአንድ ንገሩት። ከዚያም የትኛው ደግነቱ ከሽፋኑ እንደሚያስወጣው አስረግጣችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፦

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዲሴቦና ኮትሶ ለመዝሙር ልምምድ ወጡ። እኔ በሩን ቆልፌ ከኋላቸው እከተል ነበር። ማዕዘኑ ላይ፣ ማግዊንያ የሚባለውን የሊጥ ጥብስ የምትሸጠው ሴትዮ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የነበረ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሹፌሩ ኋላውን ሳያይ፣ በድንገት ወደ ኋላ ተንደረደረ። ሴትዮዋ ጮኸች። ኮትሶ እህቴን በደረቱ ገፍቶ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ጣላትና ራሱ ሳያመልጥ ቀረ፤ የኋላ እግሩ ጎማው ሥር ገባ። ዲሴቦ አቧራው ላይ ተንበርክካ «ኮትሶ! ኮትሶ!» እያለች ስትጣራ፣ እንደ ወትሮው ሰላምታ መስሎት የመለሰላት አልነበረም።

ያው ሹፌር እያለቀሰ ብሉምፎንቴይን ወዳለው የእንስሳት ሐኪም አደረሰን። ሐኪሟ እግሩ ከተቆረጠ እንደሚተርፍ፣ ነገር ግን ከኢንሹራንሱ ማረጋገጫ ሳይመጣ ቀዶ ሕክምናውን መጀመር እንደማትችል ነገረችን። ዲሴቦ ከውሻው ጋር ውስጥ ቀረች፤ እኔ ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጥቼ ወደ ድርጅትዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ማሴጎ ትባላለች እንበል። ትክክለኛ ስሟን ስለለወጥኩት ፈልገው እንዳይደክሙ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት እውነቱን ነገርኳት። እንዲያውም ኮራሁበት። የእህቴ ዓይን መሆኑን፣ ማንም ሳያዘው ይህን ሥራ በራሱ መያዙን፣ ያን ዕለት ጠዋትም ከሞት እንዳዳናት ዘረዘርኩላት። ማሴጎም፣ «እማማ፣ ይመራታል ነው ያሉኝ?» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«በየቀኑ?»

«እሁድ እንኳን አያርፍም» አልኳት፣ እያሞገስኩት መስሎኝ።

«እንግዲያውስ የሥራ ውሻ ነው። የእርስዎ ሽፋን ደግሞ ለሥራ ውሻ አይሆንም። በጣም አዝናለሁ።»

ኮትሶ በዕድሜው ሙሉ ደመወዝ ቆርጦለት የሚያውቅ የለም። የሠራተኛነት ማዕረግ የሰጠው የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ስለሆነ ስለ ሹመቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ሹመቱ የደረሰው በደም ተነክሮ ጠረጴዛ ላይ በተኛበት ሰዓት መሆኑ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

ሦስተኛ፦

ይህን ለመጻፍ እጄ ያፍራል።

ብዙም ሳይቆይ ማሴጎ መልሳ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ቅድም ያሉትን በሌላ አነጋገር ቢሉት ይሻላል» አለችኝ። «መምራትና አብሮ መሄድ ይለያያል፣ አይደል? እንደገና ልጠይቅዎት ነው። አስበው ይመልሱልኝ።» ልጅቷ አዝናልኝ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ዲሴቦን ከውስጥ አስወጥተዋት አጠገቤ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ተልጦ፣ ሐኪሟ ያወለቀችውን የኮትሶን የአንገት ማሰሪያ በእጇ ይዛ ነበር። በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ በግ ጠባቂ ውሻ ይዞ የመጣ አንድ ገበሬና ድመት በካርቶን ያቀፈች ሴት ነበሩ። ጆሮዬ ደከም ስለሚል በስልክ የማወራው ጮክ ብዬ ነው።

«ውሻው እህትዎን ይመራል?»

«አይመራም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ሥራ ፈት ነው። ሲበላና ሲተኛ ነው የሚውለው።»

«እህትዎ መንገዱን እንዴት ይሄዱታል?»

«ራሷ ታውቀዋለች። የማንንም እርዳታ አትፈልግም።»

«ታክሲው ሥር እንዴት ሊገባ ቻለ?»

ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ደደብ ውሻ ስለሆነ ነው» አልኩ።

«በሰው ላይ የደረሰ አደጋ ነበር?»

«ኧረ ማንም አልነበረም።»

ስልኩን ስዘጋ ዲሴቦ ማሰሪያውን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ነበር። «ጨረስሽ?» አለችኝ። ጨረስኩ አልኳት። «እንግዲያው እግሩን ይቁረጡለት በያቸው» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ለሚዋሹ ልጆች ስለ ሐፍረት ስሰብክ የኖርኩት ሴት፣ ልታየኝ ወደማትችለው እህቴ ዞር ብዬ ማየት አቃተኝ።

አራተኛ፦

ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። እውነቴ ተናግሬ ሳልጨርሰው ነበር ውድቅ የሆነው። ውሸቴ ግን «ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን» ከሚል መልእክት ጋር በዚያው ሰዓት ጸደቀ።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር የሚቀመጥ አይደለም።

ኮትሶ ተረፈ። ሦስት እግሩን ይዞ ቤቱ ገባና ወጥ ቤታችን ጥግ ላይ ይተኛ ጀመር። ዲሴቦ በእጇ ፓፕ፣ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ ታጎርሰዋለች፣ ቁስሉን ታጥብለታለች፣ እኔንም በደህና ታናግረኛለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግን አቆመች። የመዘምራኑ ሴቶች ሊጠይቋት መጥተው «ውሻው እስኪድን እየጠበቅሽ ነው አይደል?» ሲሏት፣ «ኧረ እኔ መንገዱን ራሴ አውቀዋለሁ» አለቻቸው። ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ከስኒው ውጪ አፈሰስኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ኮትሶ በሩን እየቧጠጠ ያለቅሳል፤ የዲሴቦ ዱላ የለም፣ የመዘምራን ልብሷም የለም። እየሮጥኩ ወጣሁ፤ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የለችም። ታክሲ ተራው ጋም አጣኋት። ማግዊንያ ሻጯ ናት በጣቷ ወደ ታች የጠቆመችኝ።

እህቴ ቀይ የመዘምራን ሸሚዟን እንደለበሰች አቧራማው የኳስ ሜዳ መካከል ቆማለች። ጨዋታው ቆሟል። በረኛው ኳሱን አቅፎ ይዟል፣ ጎረምሶቹ ምን እንደሚሏት ጨንቋቸው ዙሪያዋን ከበዋታል።

«እማማ፣ ወዴት ነበር?» አላት አንደኛው።

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ቤተ ክርስቲያኑማ በወዲያ በኩል ነው፤ መንገድ ስተዋል።»

«አሁን ገና ገባኝ» አለችው፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

እጇን ያዝኩ። «ምን ነካሽ እትዬ? ለምን ብቻሽን ወጣሽ?» አልኳት።

«ከኢንሹራንሱ መርማሪ ቢልኩብሽስ ብዬ ነው» አለችኝ። «ራሷ ታውቀዋለች ብለሻቸው የለ? ሳይመጡ በፊት ልልመደው ብዬ። ውሸታም ሆነሽ እንዳትገኚ።»

ክቡር ሆይ፣ አልተቆጣችኝም። እኔ ድሮ ተማሪዎቼን እንደምቆጣው ብትቆጣኝ ኖሮ ማዕዘን ላይ ቆሜ ቅጣቴን እቀበል ነበር። እሷ ግን የእኔን ውሸት እውነት ልታደርግልኝ ዓይን ሳይኖራት መንገድ ወጣች። ጎረምሶቹ መንገድ ከፍተው ሲያሳልፉን አንገቴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም። ከእነሱ ውስጥ ያስተማርኳቸው አሉ።

በማግሥቱ እሁድ ዲሴቦን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና፣ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት ተነሥቼ ያደረግኩትን ሁሉ ለምእመኑ ተናገርኩ። ኮትሶ ሥራ ፈት እንዳልሆነ፣ ደደብም እንዳልሆነ፣ እህቴም በዚያች ቀን ልትሞት እንደነበር ተናገርኩ። ከመዘምራኑ አንዷ አሮጊት፣ «ይህንን እዚህ የማያውቅ ማን አለና ነው? የማያውቁትን ሄደሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲሴቦም ከመዘምራኑ ረድፍ፣ «በይ ቁጭ በይ፤ መዝሙር እንጀምርበት» አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማው የድሮው ነበር።

የማያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ይኸው እነግርዎታለሁ። ኮትሶ ይሠራል። ዛሬም በሦስት እግሩ ይሠራል። ሁለቱም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ታክሲዎቹ ሞተር አጥፍተው ያሳልፏቸዋል። ሽፋኑን ሰርዣለሁ። የከፈሉልኝንም ለጣሪያ ማደሻ ከያዝኩት ላይ አንሥቼ መልሼ ልኬያለሁ። በማጭበርበር ሊከሱኝ ቢወስኑ በተጠራሁበት ችሎት በሰዓቱ እገኛለሁ። በዚያን ቀን የሁለቱንም የስልክ ንግግሮች ቅጂ ይዘው እንዲቀርቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። የኋለኛው ለዐቃቤ ሕጉ ይጠቅመዋል። የፊተኛውን ግን እህቴ አልሰማችውም፤ ውሻዋን ያሞገስኩበት እሱ ነው።

እግዚአብሔር ለእርስዎና ለመሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጤናማ ውሾችና ከእኔ የተሻሉ ደንበኞች እንዲሰጥ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ክብር ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ያፈረችው ደንበኛዎ፣
ፑሰሌትሶ ራሞኬሌ
ቦትሻቤሎ

ማስታወሻ፦ የላክሁት ገንዘብ ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጥቷል። ደውዬ ስጠይቅ፣ ድርጅቱ ከደንበኛ የሚቀበለው ወርሃዊ ዓረቦን ብቻ እንደሆነ፣ የተከፈለን ካሳ መልሶ የሚረከብበት አሠራር እንደሌለው ተነገረኝ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት በጥሬ ገንዘብ ይዤ ከዲሴቦና ከኮትሶ ጋር ወደ ቢሮዎ እመጣለሁ። በመግቢያዎ መስታወት ላይ «ከሥራ ውሻ በስተቀር ውሻ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል አሉ። የበሩ ጥበቃ እኛን አቁሞ እንዳይቸገር፣ ኮትሶ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ወስነው ቢነግሩት ውለታዎን አልረሳም።