የንጉሡ ካልሲ

ፔንሲልቬንያ፣ ከድልድዩ በላይ ካለው ቤት
ሐሙስ ጠዋት፣ ሜይ 16

ለምወድሽና ምክሬን ሰምተሽ ለማታውቂው ልጄ ለሮዋና፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአላስካ በረዶ ቀለጠ ወይስ አንቺን አይቶ ጭራሽ ጠነከረ? እኛ ደህና ነን። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። ቀዩ አውራ ዶሮ አሁንም ራሱን የቤቱ ጌታ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሥልጣን እንዴት እንደሚለቀቅ ከእኔ አልተማረም። ፊደሌ ቢተልቅብሽ አትገረሚ፤ ወረቀት ስለተረፈን ነው።

የምትጠብቂው ወሬ የዶሮ ወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሆስፒታሉ ሥራ ስትሄጂ ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። «አባዬ፣ ወይዘሮ ፕሩዊት መጥታ ልጄ ቲልዳ ቤት ውስጥ ካንተ የተማረችውን ትገመግማለች። ካልፈረመች በሴፕቴምበር ልጅቷ በቢጫው አውቶቡስ ከተማ ሄዳ ትማራለች። ክርክር የለም።» እኔም እሺ አልኩሽ። አውቶቡሱ ልጅቷን ይዞ ከሄደ በኋላ ግን እዚህ ቤት የምንቀረው እኔና አውራ ዶሮው መሆናችንን አስበሽዋል?

መመሪያሽንም አልረሳሁም። ከድሮዎቹ የታሪክ መጻሕፍት አንድ ምዕራፍ፣ አንዴ ብቻ ይነበብላት። አይደገም፣ አይብራራ። ከዚያ መጽሐፉ ይከደንና ልጅቷ በራሷ ቃል መልሳ ትተርክ። እነዚያን ሰማያዊ መጻሕፍት እናቴ ለእኔ አነበበችልኝ፣ እኔ ላንቺ አነበብኩልሽ፤ አንዱ ላይማ እስከ ዛሬ የወተት ጥርስሽ ምልክት አለበት። አንድ ነገር ብቻ ማንም አልነገረኝም፤ መጻሕፍት ሲያረጁ ፊደላቸው እያነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ፕሩዊት መጣች። አንቺን ክፍልፋይ ለማስተማር ስትል ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ጡረታ ወጥታም አልለሰለሰችም። ያቀረብንላትን የፖም ፓይ በጥርጣሬ አየችው።

«ኦርቫል፣ ይሄን የጋገርከው አንተ ነህ?»

«ቲልዳ ናት።»

«እንግዲያው እበላለሁ።»

በልታ ስታበቃ ልጅቷን ፊቷ አቆመቻትና «በይ፣ የምትወጂውን ታሪክ መልሰሽ ንገሪኝ» አለቻት። ልጅሽ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጀመረች።

«ንጉሥ ካኑት የሚባል ነበር። ሹማምንቱ ጠዋት ማታ ሲያሞግሱት 'ባሕሩ ራሱ ይታዘዝሃል' አሉት። እሱም ወንበሩን ባሕር ዳር አስወጥቶ ተቀመጠና ማዕበሉን 'ተመለስ!' አለው። ማዕበሉ አልተመለሰም። እናቱ የሠራችለት የሱፍ ካልሲ በሰበሰ። ቤቱ ገብቶ እሳት ዳር ቢያሰጣው ተኮማተረና ለድመቱ ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያሞግሰው ሲመጣ፣ ንጉሡ ዝም ብሎ ድመቱን ያሳየዋል።»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ወይዘሮ ፕሩዊት መጽሐፉን አንስታ ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች።

«ካልሲው የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

«ካልሲው የአባባ ነው» አለች ቲልዳ፣ ዓይኗን ሳታሽ። «ድመቱም የእሱ ነው። ወንበሩና ማዕበሉ ግን የመጽሐፉ ናቸው።»

«በምን ለየሽው?»

«አባባ አንዳንዴ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ይገልጣል፤ ታሪኩ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ እሱ ሲያሸልብ መጽሐፉን ወስጄ ራሴ አነበዋለሁ።»

ገጾቹ ተጣብቀው ነው፣ ሮዋና። ልጅ ሆነሽ ማር አፍስሰሽባቸው የለ?

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። በዚያች ቅጽበት ቢጫው አውቶቡስ ደጃችን ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ ሰማሁት ብልሽ አልዋሸሁም። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ሌላስ እንዲህ ያለ የፈጠራ ካልሲ አግኝተሻል?»

«አንድ አለ። እሱ ግን የአባባ አይደለም፤ የመጽሐፉ የራሱ ነው።» ሮጣ ሄዳ የሸለቋችንን ታሪክ የሚተርከውን አመጣች። «እዚህ ጋ 'ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ ሸለቆው ባዶ ነበር፤ ሰው የሚባል አልኖረበትም' ይላል። ሲገለጥ ደግሞ 'በዚያ ክረምት ከአገሬው ነባር ሕዝብ፣ ከሌናፔ ሰዎች፣ በቆሎ ገዝተው ከረሃብ ተረፉ' ይላል። ሰው ካልነበረ በቆሎውን ማን ሸጠላቸው?» ትንሽ አሰበችና «ይሄኛው ካልሲ አያስቅም» አለች።

ማንም አልሳቀም። ያንን ገጽ ስንቶቻችን በሚያምር ድምፅ አንብበነዋል! ድምፅ ሲያምር ጥያቄ ይተኛል መሰለኝ። እኔማ ከንዴቴ የተነሳ ተቀበልኳትና «ታዲያ ይሄን መጽሐፍ ምድጃ ውስጥ ብንከተውስ?» አልኩ። ልጅሽ ከእጄ ነጠቀችኝ። «አባባ፣ እብድ ነህ እንዴ? ካቃጠልነው ካልሲ እንደነበረበት ማን ያውቃል?»

ወይዘሮ ፕሩዊት እስክሪብቶዋን አውጥታ ፈረመች። ፈርማለች ልጄ፤ ተንፍሺ። እስከ መኪናዋ ስሸኛት ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ፊርማዬን አልጸጸትበትም። ለሮዋና ግን አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?»

«ምኑን?»

«ካልሲውን።»

«የካኑትን?»

«ኦርቫል፣ አትጃጃልብኝ» አለችና ሞተሩን አስነሳች። ወዴት እንደታጠፈች አላየሁም፤ መንገዱ ላይ ጭጋግ ነበር።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። አሠራራችንን ብቻ ትንሽ ቀይረናል፤ አሁን ቲልዳ ታነባለች፣ መልሼ የምተርከው እኔ ነኝ። ለድምፅዋ ጥሩ ልምምድ ነው። አስተማሪነቷ ግን ካንቺ ይብሳል፤ ትናንት «ካልሲ በዝቶበታል፣ እንደገና» ብላ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። መኪናዬን ለጎረቤት አውሼዋለሁ፣ በእግር መሄድ ለጉልበት ይበጃል። መነጽር ልላክ ብለሽ ደግሞ እንዳትደክሚ፤ ያሉኝ ይበቁኛል።

እንግዲህ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። ባሕሩ ባይታዘዝሽም ሰው ይታዘዝሽ። የሚያሞግስሽ አይብዛ፣ የሚያርምሽ አይጥፋ። በዚያ ብርድ ካልሲሽ አይበስብስ።

የሚያስቸግርሽ አባትሽ
ኦርቫል

ፖስታውን ሳላሽግ ቲልዳ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ጨርሳ ወረቀቱን አጠፈች። ከዚያ «አባባ፣ ማክሰኞ እኮ ጭጋግ አልነበረም፤ መኪናዋ ስትታጠፍ እኔ ከዚሁ አየኋት» አለችኝ።

«ሂጂ ዶሮዎቹን አብዪ።»

«እማዬ ካልሲዎቹን ባታገኛቸውስ?»

ታገኛቸዋለች አልኳት። በይ እንግዲህ፣ በራስሽ ሕግ አንዴ ብቻ አንብቢው። ከዚያ ክደኚውና ለራስሽ መልሰሽ ተርኪው። በእነዚያ መጻሕፍት ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ የቱ እውነቱ፣ የቱ የአባትሽ እንደሆነ ትለዪዋለሽ።